የመስማት ደቦ

ቢቸና ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ፣ ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ጀርባ፣ ግድግዳዋን በአሮጌ ብርድ ልብስ የሸፈንኳት አንዲት ጠባብ ክፍል አለችኝ። ሰዉ ስቱዲዮ ይላታል። እኔ በበጋ ውስጧ ስቀመጥ የሚወርደኝን ላብ ስለማውቅ እንዲህ ባለ ትልቅ ስም አልጠራትም። ሥራዬ ማንም ድርጅት ያልያዛቸውን ዘፋኞችና ማሲንቆ መቺዎች መቅዳት፣ ድምፁን ማጽዳት፣ ከዚያም ሰው በስልኩ ዘፈን በሚሰማባቸው መተግበሪያዎች ላይ መጫን ነው።

ዋናው ሥራ ግን ከተጫነ በኋላ ያለው ነው። እዚያ ዘፈን የሚመርጥ ሰው የለም፤ የሚመርጠው ማሽን ነው። አንድ ሰው ምን እንደሰማ፣ የትኛውን ጀምሮ እንደተወ፣ የትኛውን እንደደጋገመ እየተከታተለ፣ ይህን ከወደድክ ይህንንም ሳትወድ አትቀርም ብሎ ሰምቶት የማያውቀውን ዘፈን ያመጣለታል። ለማስታወቂያ የሚከፍለው የሌለው የሞጣ ወይም የደብረ ወርቅ ዘፋኝ ወደማያውቀው ሰው ጆሮ የሚገባው በዚሁ በኩል ነው። ስለዚህ የእኔ ድካም ማሽኑ ዘፈኑን እንዲረዳው ማድረግ ነው። ከምን ዓይነት ዘፈን ጎን መቀመጥ እንዳለበት እመርጣለሁ፣ መግለጫውን እጽፋለሁ፣ አጀማመሩን አስተካክላለሁ።

በአጀማመሩ ነገር ከስንቱ ጋር ተጣልቻለሁ! የእኛ አገር ዘፋኝ መቼም ሰላምታ ሳያቀርብ አይዘፍንም። ማሲንቆውን ያነሣና አባወራውን፣ እመቤቲቱን፣ ታዳሚውን፣ የሩቁን የቅርቡን ሲያመሰግን፣ ሩቅ አገር ያለው ሰሚ ዘሎት ሄዷል። ሰሚው ሲዘል ደግሞ ማሽኑ ያይና ዘፈኑን ወደ ታች ይጥለዋል። እኔ ሰላምታውን እቆርጣለሁ፣ እነሱ "ባለጌ አደረግሽኝ" ብለው ይቆጡኛል፣ እኔም ከእነሱ ብሼ እቆጣለሁ። ቁጣዬ ቶሎ ነው፤ ቢቸና ይህን ያውቃል።

አንድ ቀን ከሞጣ አንዲት ሴት መጡ። እማማ እያልኩ ስለምጠራቸው እዚህም እማማ ልበላቸው። በሞጣና በዙሪያው የሠርግ ዘፈን አውራጅ ናቸው፤ ሙሽራ ስትወጣና ስትመለስ ሴቶቹን እየመሩ የሚዘፍኑ። ገብተው ብርድ ልብሶቹን አንድ በአንድ አዩ።

"እዚህ የታመመ አለ?" አሉኝ።

"የለም እማማ፣ ድምፅ እንዳያስተጋባ ነው።"

ተቀመጡና ጉዳያቸውን ነገሩኝ። አንዲት ልጃቸው ለቤት ሠራተኝነት ዓረብ አገር ሄዳለች። መጀመሪያ ትደውል ነበር፤ ከዚያ መደወሉ እየራቀ ሄደ፣ ኋላም ስልኩ ጭራሽ ዝም አለ። የላካት ደላላ ከአገር ጠፍቷል። ያልጠየቁት ቢሮ፣ ያልተሳሉለት ታቦት የለም። የሚያውቁት የሄደችበትን ከተማ ብቻ ነው።

"ማሽኑ ለሰው እንደየልቡ ዘፈን ያድላል ይላሉ" አሉ። "እውነት ነው?"

"እንደየልቡ እንኳ አይደለም እማማ። ሰውየው ከዚህ በፊት የሰማውን አይቶ ነው።"

"ታዲያ እሷ እኮ የእኔን ድምፅ ሆዴ ውስጥ ሆና ነው መስማት የጀመረችው። ከእኔ በፊት ማንን ሰማች? ለማሽኑ ስጭልኝ፣ እሱ ያገኛታል።"

ማሽኑ የሚያውቀው በስልክ የተሰማውን እንጂ በማጀት የተሰማውን አይደለም ልላቸው አፌን ከፈትኩ። ፊታቸውን ሳይ ግን መልሼ ዘጋሁት። ደግሞም ውሸት ብቻ አይደለም ብዬ አሰብኩ። በሰው አገር ያሉ ልጆች ሲከፋቸው የሠርግ ዘፈን እንደሚያበዙ ከሥራዬ አውቃለሁ። ያቺ ልጅ ስልክ ካላት፣ አንድ ቀን አንድ የሠርግ ዘፈን ብትሰማ፣ ማሽኑ ቀጥሎ የእናቷን ሊያመጣላት ይችላል። ሰፊ ባሕር ላይ መረብ መጣል ነው። ቢሆንም እሺ አልኳቸው።

እዚያ ክፍል ውስጥ ግን መዝፈን አልቻሉም። ድምፃቸው ወጣና ቆመ። "ተቀባይ የሌለው ዘፈን ዘፍኜ አላውቅም" አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ የሠርግ ዘፈን አንዷ ታወርዳለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። ስለዚህ መቅጃዬን ተሸክሜ ሞጣ ሄድኩ። ግቢያቸው ውስጥ ጎረቤቶቻቸውን ሰበሰቡ። የእድር ሴቶች መጡ፣ ከማዶ ያሉት ሙስሊም ጎረቤታቸው ከበሮውን ያዙ፣ ከግቢው አንዷን ክፍል የተከራየች፣ ከደቡብ ተመድባ የመጣች የጤና ጣቢያ ሠራተኛም አብራ ልታጨበጭብ ቆመች። ይህችኛዋ ዘፈኑን ስለማታውቀው ጭብጨባዋ ሁልጊዜ ዘግየት ይላል። ላስወጣት ብዬ ነበር፤ እማማ በዓይናቸው ገሠጹኝ።

የዘፈኑት ማንም ሰምቶት የማያውቀውን ነው። የሰውን ሁሉ ልጅ ሲድሩ፣ ለገዛ ልጃቸው ብለው ያስቀመጡት የመልስ ዘፈን ነበራቸው፤ ሙሽራዋ ከሠርጓ በኋላ ወደ እናት አባቷ ቤት የምትመለስበት ቀን የሚዘፈን። ልጅቷ ትንሽ ሳለች እየሠሩ ሲያንጎራጉሩት ትሰማ ነበር አሉ፤ ሰው ፊት ግን አውጥተውት አያውቁም።

በሩን ክፈቱላት፣ ልጄ መጥታለች፣
የሄደችበትን እግሯ ረስታለች።

ሴቶቹ ሲቀበሏቸው ዕንባዬ መጣ። ዕንባዬን ልጠርግ መቅጃውን መሬት ላይ አኖርኩት። ያን ቀን የቀዳሁትን የሚያህል ነገር በሥራዬ አላገኘሁም።

ቢቸና ተመልሼ የቻልኩትን ሁሉ አደረግሁ። ከበሮውን ከፊት አንሥቼ በእማማ ድምፅ ብቻ እንዲጀምር አደረግሁት፤ በዚያ ከተማ ያለ ሰው ጣቱን ለመዝለል ሲያነሣ ድምፃቸው እንዲቀድመው ፈልጌ ነው። ሰው በናፍቆት ከሚሰማቸው የሠርግ ዘፈኖች ጎን እንዲቀመጥ አድርጌ ጻፍኩለት። መጀመሪያ ከአዲስ አበባና ከባሕር ዳር ጥቂት ሰዎች ሰሙት። ዘፈኑን ለጫነ ሰው በሚታየው ገጽ ላይ ዘፈኑ የተሰማባቸው ከተሞች ይዘረዘራሉ፤ ጠዋት ጠዋት ያንን ሳላይ ሥራ አልጀምርም ነበር። ሳምንታት አለፉ። አንድ ጠዋት ያቺ ከተማ ከዝርዝሩ ግርጌ ብቅ አለች። አንድ ሰሚ። በማግሥቱም ያው አንድ ሰሚ፣ ግን ዘፈኑ ደጋግሞ ተሰምቷል። በሦስተኛውም ቀን እንደዚያው።

መደወል አልነበረብኝም ይሆናል። ተስፋ መስጠት ቀላል፣ መልሶ መቀበል ከባድ ነው ብዬ ቀኑን ሙሉ ከራሴ ጋር ተሟገትኩ። ከዚያ አልቻልኩም፣ ደወልኩ።

"እማማ፣ በዚያች ከተማ አንድ ሰው እየሰማዎት ነው።"

"ተመስገን!" አሉ።

"ማን እንደሆነ ግን አላውቅም" አልኩ ቶሎ ብዬ። "ማሽኑ ከተማውን እንጂ ስም አይነግረኝም።"

"እኔ ስም አልጠየቅሁሽም" አሉ። ቀጥለውም "እንዳይጠፋባት ምን እናድርግ?" አሉኝ።

የማውቀውን እውነት ነገርኳቸው። ሰው በዛ ብሎ ከሰማው፣ እየዘለለ ሳይሆን እስከ መጨረሻው ከሰማው፣ ማሽኑ ዘፈኑን አይጥለውም አልኳቸው። እሺ ብለው ስልኩን ዘጉ።

ከዚያ የሆነውን የሰማሁት ኋላ ነው። እማማ ወሬውን ለጎረቤት አወሩ፤ ጎረቤቶቹ ተመካከሩና በእኛ አገር ሥራ ሲበዛ የሚደረገውን አደረጉ። ደቦ ወጡ። የአንዱን ጤፍ ሁሉም ተሰብስቦ እንደሚያጭደው፣ የእማማን ዘፈን ሁሉም ተሰብስቦ ሊሰማው ተነሣ። ስልክ ያላት ስልኳን አመጣች፣ የሌላት የባሏን ወይም የልጇን ተዋሰች። ሴቶቹ ቀኑን ሙሉ እንዳይቀመጡ የራሳቸው ሥራ አለባቸው። ስለዚህ ስልኮቹን እማማ መደብ ላይ ደረደሯቸው፣ ከአንድ ማከፋፈያ ቻርጅ ሰኩላቸው፣ የጤና ጣቢያዋ ልጅ ከራሷ ስልክ ኢንተርኔቱን ለሁሉም ከፈተችላቸው፣ ዘፈኑ ሲያልቅ እንደገና እንዲጀምር አደረጉት። ከዚያ በሩን ዘግተው ወደየሥራቸው ሄዱ። ቤቱ ውስጥ ማንም የለም፤ ያ ሁሉ ስልክ ብቻውን ይዘፍናል። ማታ ተመልሰው ንፍሮ በሉ፣ ስልኮቻቸውን ወሰዱ። በማግሥቱ ደግመው መጡ።

ማሽኑ ይህን አየ። ከአንዲት ትንሽ ከተማ፣ ከአንድ የኢንተርኔት መስመር፣ ማለቂያ የሌለው ተመሳሳይ መስማት። ማሽኑ ደቦ አያውቅም። የሚያውቀው ዘፈናቸውን ታዋቂ ለማስመሰል በሐሰት የሚያስደምጡ አጭበርባሪዎችን ነው። ደብዳቤው በኢሜይል መጣልኝ። ዘፈኑ በእውነተኛ ሰሚ እንዳልተሰማ ስለተደረሰበት ከሁሉም ቦታ ተነሥቷል ይላል። ሄጄ ስፈልገው የለም። የከተሞቹ ዝርዝር ባዶ ነው። ያቺ ከተማም የለችም።

ደንግጬ ለእማማ ስደውል የጤና ጣቢያዋ ልጅ አንሥታ እየሳቀች ሁሉን ነገረችኝ። "አኮራንሽ አይደል?" አለችኝ።

ነድጄ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። ደብረ ወርቅን ሳልፍ የምናገረውን እያዘጋጀሁ ነበር፤ ጉንደ ወይን ስደርስ የስድብ ዓይነት አልቀረኝም። ማን አዘዛችሁ ልላቸው ነው፣ ባታውቁ አትጠይቁም ወይ ልላቸው ነው። ሞጣ ወርጄ የእማማን በር ስከፍት መደቡ ላይ ስልኮቹ ተደርድረዋል፤ አንዳንዱ መስታወቱ የተሰነጠቀ፣ አንዳንዱ በላስቲክ የታሰረ። ሴቶቹ እንደ ባለውለታ ተቀበሉኝ። ሙስሊሟ ጎረቤት ትኩስ ዳቦ ቆርሰው እጄ ላይ አኖሩልኝ። እማማ በዓመታት ያልሳቁትን ሳቅ የሚስቁ ይመስላሉ።

"በረታን?" አሉኝ።

ያ ሁሉ ስድብ የት እንደገባ እንጃ። ዘፈኑ ከመነሣቱ በፊት ስልኮቹ ውስጥ ተቀምጦ ስለነበር፣ እነሱ ዘንድ አሁንም ይዘፍናል፤ መጥፋቱን አላወቁም። ዳቦውን ጎረስኩ።

"በርትታችኋል" አልኳቸው። "ግን ይበቃል፣ ማሽኑ ጠግቧል።"

"ጠገበ!" ብለው ተሳሳቁ። ስልኮቻቸውን እየነቀሉ ወሰዱ።

ተመልሼ ለዚያ ዘፈኑን ለሚያሰራጨው ድርጅት አቤቱታ ጻፍኩ። ሰዎቹ እውነተኛ ናቸው፣ ተንኮል የለበትም፣ በአገራችን ደቦ የሚባል ነገር አለ ብዬ በማውቀው እንግሊዝኛ አብራራሁ። ደቦን ለማያውቅ ደቦን ማስረዳት እንዴት ያታክታል! ገና ከመላኬ መልስ መጣ፤ ያንኑ የመጀመሪያውን ደብዳቤ ቃል በቃል። ያነበበው ሰው አልነበረም። ጠረጴዛዬን በጡጫ መትቼ እጄን አሳበጥኩ። ከዚያ ዘፈኑን እንደ አዲስ አስተካክዬ ልጭነው ተዘጋጀሁ። ከመጫኔ በፊት ኔትወርክ ጠፋ።

በእኛ አካባቢ ኔትወርክ ሲጠፋ መቼ እንደሚመለስ የሚነግርህ የለም። ወራት ሄዱ። መንገዱም አንድ ጊዜ ሲከፈት አንድ ጊዜ ሲዘጋ፣ እማማ መኪና ባገኙ ቁጥር ይመጣሉ።

"አሁንም ትሰማ ይሆን?" ይሉኛል።

"ኔትወርክ ሲመጣ እናያለን እማማ።"

ተስፋ እንዲህ ያማረበት ሰው አይቼ አላውቅም። ቤታቸውን በአዲስ ጭቃ አስመርገዋል። ለጠላው ብቅል አብቅለዋል፣ ጌሾ አስመጥተዋል። ሠርግ ባይኖርም ስትመጣ የመልሱ ድግስ አይቀርም አሉኝ። እኔም አብሬያቸው ስለ ድግሱ አወራለሁ። እሳቸው ከሄዱ በኋላ ግን የከፈትኩት ሥራ ሁሉ ይመረኛል። ማታ ማታ ያቺ ከተማ ውስጥ ስልኳን ከፍታ ዘፈኑን የምታጣ ልጅ ትታየኛለች።

ኔትወርኩ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሳይታሰብ መጣ። መንገድ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ስልኩን ይዞ ቆመ። የእኔም ስልክ ጠረጴዛው ላይ እየተንቀጠቀጠ መልእክቱን ሁሉ አንድ ላይ አራገፈው። ከዘፈኑ ሥር ስልክ ቁጥሬን አስቀምጬ ነበር፤ ከማላውቀው የውጭ ቁጥር የተላኩ የድምፅ መልእክቶች አሉበት። አንዲት ልጅ ናት፤ የወሎ ሰው ትመስለኛለች፣ ለዛዋ እንደዚያ ነው። በቅደም ተከተል ከፈትኳቸው።

የመጀመሪያው እንዲህ ይላል። "እህቴ፣ እዚህ ሆስፒታል ከጎኔ የተኛች አንዲት እህታችን አለች። ኩላሊቷን ነው የታመመችው። ስልኳን አሠሪዎቿ ወስደውባታል። አንድ ቀን በእኔ ስልክ የሠርግ ዘፈን ከፍቼ ሲያልቅ ሌላ ዘፈን ራሱ መጣ፤ ገና ድምፁን እንደሰማች 'እናቴ!' ብላ ተነሥታ ተቀመጠች። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ እሱን ካልከፈትሽልኝ ትለኛለች። አሁን ግን ጠፋብኝ፤ ብፈልግ ብፈልግ የለም። ቁጥርሽን ግን ሳይጠፋ ከሥሩ ጽፌ ይዤው ነበር። አንቺ ዘንድ ካለ ላኪልን፣ የእናቷንም ስልክ ካወቅሽ ስጪን።"

ሁለተኛው አጭር ነው። "እህቴ፣ እባክሽ ቶሎ። ትጠይቀኛለች።"

ከሁለተኛው ሥር ሌሎችም አሉ፤ ሁሉም ያንኑ ይለምናሉ። በአንዱ ውስጥ ከሩቅ የታማሚዋ ድምፅ ይሰማል፤ የሚያስለቅሰው እንኳ ቃሉ አይደለም፣ ዜማውን ከእናቷ መውሰዷ ነው። በመጨረሻው ልጅቷ እያለቀሰች "አረፈች" ትላለች። "እዚሁ ቀበርናት። ለእናቷ ንገሪልን።"

ክፍሉን ከውስጥ ዘጋሁና ብርድ ልብሱ ላይ ፊቴን ደግፌ ጮህኩ። ለድምፅ መከላከያ የሰቀልኩት ነውና ማንም አልሰማኝም። ማሽኑ ሥራውን ሠርቶ ነበር። እማማ እንዳሉት አገኛት። አግኝቶም ነጠቃት፤ የነጠቃትም የወደዷት ሰዎች ስለደከሙላት ነው። በማን እንደምናደድ አጣሁ።

መርዶ በእኛ ወግ ብቻን አይነገርም፣ በስልክም አይነገርም። ሞጣ ሄጄ መጀመሪያ ለንስሐ አባታቸውና ለእድሩ ሽማግሌዎች ነገርኩ። ልጅቷ ታማ ማረፏን፣ እዚያው መቀበሯን፣ ዘፈኑን መስማቷን ነገርኳቸው። ዘፈኑ መጥፋቱን አልነገርኩም። ማለዳ ተሰብስበን ወደ እማማ ግቢ ገባን። እማማ በሩን ከፍተው ያን ሁሉ ሰው ሲያዩ ማንም አፉን ሳይከፍት ገባቸው። አዲስ የተመረገውን ግድግዳ ይዘው ቀስ ብለው ወደ ምድር ወረዱ። ለመልሱ ካስቀመጡት ብቅልና ጌሾ የተጠመቀውን ጠላ ለቀስተኛ ጠጣው።

ዘፈኑን መልሼ ጭኜዋለሁ። ሰዎች ይሰሙታል፤ ከተሞቹም ተመልሰዋል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የማንንም ስም ያልጠራሁት ከዚያ ግቢ ሴቶች አንዷ እንኳ ራሷን እንዳታገኝበት ብዬ ነው።

ያኔ ለቅሶው ጋብ ሲል እማማ ከጎናቸው አስቀመጡኝ። ሴቶቹ ዙሪያችንን መሬት ላይ ተቀምጠዋል፤ የጤና ጣቢያዋ ልጅም ከእነሱ ጋር ናት።

"ሰማችኝ?" አሉኝ እማማ።

"ሰማችዎት። ድምፅዎን እንደሰማች 'እናቴ!' ብላ ከተኛችበት ተነሣች።"

"እስከ መጨረሻዋ ስትሰማኝ ነበር?"

ሁሉም ያዩኛል።

"እስከ መጨረሻዋ" አልኳቸው።

እማማ ወደ ሴቶቹ ዞሩ።

"እናንተ ናችሁ ያደረሳችሁልኝ" አሏቸው። "ደቦ ባትወጡልኝ ኖሮ ማሽኑ ጥሎት፣ ልጄ ድምፄን ሳትሰማ ትሞት ነበር። እግዜር ይስጣችሁ።"

የጤና ጣቢያዋ ልጅ ተስባ መጥታ ጉልበታቸውን ስማ አለቀሰች። ሌሎቹም እያለቀሱ አሜን አሉ። እማማ እንድመሰክር ወደ እኔ ዞረው "አይደለም እንዴ ልጄ?" አሉኝ።

"ነው እማማ" አልኩ። "እነሱ ናቸው ያደረሱላት።"